ሸማኔውን ጥላ የሄደች ጀልባ

ማክሰኞ ግንቦት 10 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በአርባ ምንጭ ከሲቀላ ገበያ ጀርባ ያለው አነስተኛ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ኃላፊ አቶ ዘርአብሩክ የመማሪያ ክፍሉን በር በቁልፋቸው ከፍተው የመምህርት ኑሃሚንን አስከሬን አገኙ። የሃያ አራት ዓመቷ ወጣት ከጠረጴዛዋ ሥር በጀርባዋ ተንጋላለች። ጭንቅላቷ ያረፈው የኤሌክትሪኩን ኃይል በሚያመጣጥነው ከባድ የብረት ሣጥን ማዕዘን ላይ ነው፤ ደሟ በሲሚንቶው ላይ ደርቋል። ኮምፒውተሯ እንደበራ አድሯል።

መርማሪ አገኘሽ ኦይታ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ዐሥራ ስድስት ዓመት በሙያው የቆየች፣ ወደ ትውልድ ቀዬዋ ወደ ጨንቻ ተዛውራ በብርዱ ጥቂት ለማረፍ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጽፋ ሦስት ጊዜም «ይታሰብበታል» የተባለች ሴት ናት። ገና በማለዳው ሙቀቱ እግሯን ማሳበጥ ጀምሯል። ቀድሟት የደረሰው አሥር አለቃ ክብሩ ግን ፊቱ በርቶ ነበር።

«እትዬ አገኘሽ፣ ይሄኛው እስከ ምሳ ያልቃል።»

«ምነው፣ ምሳ የሚጋብዝህ አገኘህ?»

«ሟቿ ራሷ ጽፋልናለች። ይኸው ይመልከቱ።»

በኮምፒውተሩ ማያ ላይ አጭር መልእክት ይነበባል፦

«17:10። ኑሃሚን። ነፋሱ ተነሣ። ጀልባዋ ሸራዋን ዘርግታ፣ ሸማኔውንም በዳርቻው ጥላ፣ ወደ ማዶ ሄደች። ጉዟችንም በዚሁ ተፈጸመ።»

አገኘሽ ወንበሩን በመሐረብ ስባ ተቀመጠች። በማያው ጥግ ያለችው ሰዓት 9:20 ትላለች። የእጅ ሰዓቷ ሦስት ሰዓት ከሃያ ይላል። በፈረንጁም በሀበሻውም አቆጣጠር ያው ነው፤ ልዩነት የለም። ይህንኑ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብላ አቶ ዘርአብሩክን ጠየቀቻቸው።

«ጨዋታ ነው» አሉ ሰውየው እንደማፈር ብለው። «አራት ሆነው በገመዱ እየተላላኩ ተረት ይጽፋሉ። እኔ ኮምፒውተር ማስነሣት እንኳ አላውቅም፤ ደብዳቤዬን ሁሉ የምትመታልኝ ትርሐስ ናት።»

ኢንተርኔት የሚባለው ነገር ገና አርባ ምንጭ አልደረሰም። ነገር ግን በማሠልጠኛው ያሉትን አራት ኮምፒውተሮች አንድ ገመድ ያገናኛቸዋል፤ ከአንዱ ክፍል የተጻፈ መልእክት በሌሎቹ ክፍሎች ይነበባል። ኑሃሚን በዚያ ገመድ ላይ የአራት ሰዎች ጨዋታ ፈጠረች። ሁሉም በአንዲት ጀልባ ሰፊ ሐይቅ ያቋርጣሉ። የጥገና ባለሙያው ኦሊያድ ቀዛፊ ነው፤ ጸሐፊዋ ትርሐስ ሐኪም ናት፤ ከሥራ በኋላ የሚማረው ካሱ ሸማኔ ነው። ኑሃሚን ደግሞ ነፋሱን፣ ማዕበሉንና በመንገድ የሚገጥሟቸውን ሰዎች ትተርካለች። እያንዳንዱ የራሱን ሰው ንግግርና ሥራ ብቻ ይጽፋል፤ የሌላውን ሰው አንድ እርምጃ እንኳ ማንቀሳቀስ ክልክል ነው።

«ሒሳቡ ቀላል ነው» አለ ክብሩ። «ከዐሥራ ሰባት ስድስት ሲቀነስ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከዐሥር ይመጣል። ትናንት በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ የነበረው ካሱ ብቻ ነው። ዘበኛው ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ሲወጣ አይቶታል። ጥላው ሄደች፣ ተናደደ፣ ገፈተራት፣ በሩን ስቦ ወጣ። በሩ እንደሆነ ሲሳብ ራሱን ይቆልፋል።»

«ለተረት ብሎ?»

«ሰው ለካርታ ጨዋታ ይጋደል የለም እንዴ!»

ካሱ በዚያው ቀን ከስድስት ሰዓት በፊት ታሰረ። የሆስፒታሉ ሐኪም ሞቱ ሰኞ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ መድረሱን፣ በሟቿ ክንዶች ላይም በኃይል የጨመደዳት ሰው የጣት ምልክት መኖሩን ጻፈ። የጣቢያው አዛዥም መዝገቡ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ለዐቃቤ ሕግ እንዲደርስ አዘዙ።

«ጌታዬ፣ ጊዜው ያጥራል» አለች አገኘሽ።

«ከተማው ያወራል፣ አገኘሽ። ቶሎ በይ።»

ከቢሮው ስትወጣ ይህች «ቶሎ በይ» የምትባል ቃል በዕድሜዋ ስንት ጊዜ እንደተነገረቻት ለማስታወስ ሞክራ ደከማት።

ካሱን ያገኘችው በጣቢያው ግቢ ከሽፈራው ዛፍ ሥር ነው። የኦቾሎ ልጅ ነው፤ የሃያ ሁለት ዓመት ቀጭን ወጣት፤ ቀን ሸማ ይሠራል፣ አመሻሽ ላይ ይማራል። በጋሞኛ ሰላም ስትለው ቀና ብሎ አያት።

«መዝገቡ የሚጻፈው በአማርኛ ነው፣ አይደል?» አለ።

«ነው።»

«እንግዲያው በአማርኛ ልናገር። ሌላ ሰው እንዳይተረጉመኝ።»

አገኘሽ እርሳሷን ይዛ ጠበቀች። ከአጥሩ ውጭ አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ ሲጣራ ቆይቶ ሄደ።

«ሰኞ ሰኞ ከዐሥር ሰዓት ተኩል በኋላ ነው የምመጣው» አለ በመጨረሻ። «ሁሉም ያውቃል። መጣሁ፣ በሩን አንኳኳሁ፣ አልከፈተም። እሷ ተራህን ሳትጽፍ የትም አንሄድም ብሎኝ ነበር። ስለዚህ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት። አንድ ሰዓት ጠበቅኋት።»

«ምን ልትጽፍ ነበር?»

«ሸራውን።»

«የቱን ሸራ?»

«ማዕበል ቀዶት ነበር። ሸማኔ እኔ ነኝ፣ አዲስ መሥራት አለብኝ። ኦሊያድ ‹ያንተን ተራ በአንድ መስመር ጨርሰው› ይላል። ግን ሸራ በአንድ መስመር አይሠራም፣ እትዬ። ድሩን ማድራት አለ፣ ማጠንጠን አለ። እኔ እጄ የሚያውቀውን ነው የምጽፈው። በአንድ ጣት ነው የምመታው፣ አማርኛውም እስኪመጣልኝ ድረስ አስባለሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆየሁባቸው።»

«ኑሃሚን አልተቆጣችም?»

ካሱ ራሱን ነቀነቀ። እንባው ሊመጣ ሲል ፊቱን ወደ ዛፉ አዞረ። «እኔን ማን ይጠብቃል፣ እትዬ? እሷ ብቻ ነው የጠበቀኝ» አለ።

ትርሐስን በቢሮዋ አገኘቻት። ጠይም፣ ቁጥብ፣ ሌሊቱን ያልተኛች የምትመስል ሴት ናት።

«ሰኞ ከስምንት ተኩል በኋላ አስፈቅጄ ቴሌ ሄድኩ። ወንድሜ ግንባር ነው ያለው። ይደውላል ተብሎ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ።»

«ደወለ?»

«አልደወለም።»

አገኘሽ ለአፍታ እርሳሷን አሳረፈች። በኋላ የቴሌ ሠራተኞችን ጠይቃ የተባለው እውነት መሆኑን አረጋገጠች።

«ስለ ጨዋታው ንገሪኝ፣ ትርሐስ። ትጣሉ ነበር?»

«በፍጥነት ነበር የምንጣላው። ኦሊያድ በቀን ሦስት ጊዜ ይጽፋል፤ ካሱ በሳምንት አንዴ። እኔ መሐል ላይ ነኝ። ኑሃሚን ‹የጀልባዋ ፍጥነት የዘገየው ተሳፋሪ ፍጥነት ነው› አለችን። ሁሉም ተራውን ሳይጽፍ ነፋስ አታስነሣም። አንዴ እኔ ወባ ይዞኝ ዘጠኝ ቀን ተኛሁ፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጀልባዋ ቆማ ጠበቀችኝ። ተመልሼ ስከፍተው የነበርኩበት ቦታ አለሁ። ልነግርዎ አልችልም ምን እንደተሰማኝ።»

«ኦሊያድስ?»

ትርሐስ ፈገግ ልትል ቃጥቷት ተወችው። «ኦሊያድ ጎበዝ ነው፤ ግን የሰው አያነብም። እኛ ሸራ ተቀዶ ቆመን ሳለ እሱ ከአዞ ጋር ይታገላል።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የኑሃሚን ኮምፒውተር ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር ነበር?»

«በእኛ ነበር። ራሷ ናት የሞላችው። ‹በስድስት ሰዓት ምሳዬን እየበላሁ ዐሥራ ሁለት ነው የሚለኝን ነገር አላምነውም› ትል ነበር።»

አገኘሽ ደብተሯን ዘጋች። ከኑሃሚን ጠረጴዛ ላይ ያነሣችውን ደብዳቤ ደግሞ አሳየቻት። አዲስ አበባ ያለ አንድ የወጣቶች ማኅበር የጻፈው ነው። በየከተማው ያሉ ወጣቶችን በኤሌክትሮኒክ መልእክት ሊያገናኝ አስቧል፤ የጋራ ሥራቸውን በዲስኬት እስከ ግንቦት 11 ለሚያደርሱ ቡድኖች ሥልጠናና የስልክ መስመር ይሰጣል። ያለቀ ሥራ ብቻ ነው የሚቀበለው።

«ይህን ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

«እናውቃለን። ኦሊያድ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ኑሃሚን ግን ‹ካልደረሰ አይደርስም› አለች።»

ኦሊያድ በፍጥነት የሚናገር፣ የሚመጣውን ጥያቄ ቀድሞ የሚመልስ ወጣት ሆኖ አገኘችው። ዐይኖቹ ቀልተዋል።

«ካሱ ክፉ ልጅ አይደለም» አለ ገና ሳትቀመጥ። «ግን ዝም የሚል ሰው ያስፈራል። ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅማ። እኔ ዐሥር ሰዓት ላይ ወጥቻለሁ፤ አቶ ዘርአብሩክ ከስብሰባ ተመልሰው ቢሮዬን ራሳቸው ቆልፈዋል፤ ዘበኛውም አይቷል።»

«ኑሃሚንስ?»

«የክፍሏ በር ተዘግቶ ነበር። ስትሠራ እንዲረብሿት አትወድም።»

«ማክሰኞ ማለዳ የት ነበርክ?»

«መናኸሪያ ደርሼ…» ብሎ ቆመ። በንግግሩ መሐል ሲቆም ያየችው ይህ የመጀመሪያው ነበር። «ዘመድ ልሸኝ።»

«ከማዕበሉ በኋላ ጀልባዋ በምን ሁኔታ ላይ ነበረች?»

«የትኛው ማዕበል?»

አገኘሽ አመስግናው ወጣች። በዚያው ከሰዓት ክብሩን ወደ መናኸሪያ ላከችው፤ እርሷም ስልክ ቤት ሄዳ የአዲስ አበባ መስመር እስኪገኝ ወረፋ ጠበቀች።

ረቡዕ ጠዋት በኑሃሚን ወንበር ተቀምጣ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። መቶ አርባ ሦስት መልእክት ነው። ዐይኗ እስኪያለቅስ፣ ጀርባዋ እስኪደነዝዝ አነበበች። የኦሊያድ ረጃጅምና አንጸባራቂ ናቸው። የትርሐስ አጫጭር ናቸው። የካሱ ስምንት ብቻ ናቸው፤ ጾታ ይሳሳታሉ፣ ፊደል ይዘላሉ፤ ሆኖም ድሩን ሲያደራ የጻፈውን ስታነብ አባቷ ጨንቻ ላይ በሽመናው ጉድጓድ እግሩን ሰድዶ የሚሠራበት ድምፅ የተሰማት መሰላት። ከዚያ ተነሥታ መስኮቱ አጠገብ ቆየች። ማዶ የአባያ ሐይቅ እንደ ወትሮው ደፍርሶ ቀልቷል።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አቶ ዘርአብሩክ ከበሩ አጠገብ፣ ትርሐስ ከመስኮቱ ሥር፣ ኦሊያድ ከኮምፒውተሮቹ መሐል ተቀመጡ። ክብሩ ካሱን በካቴና አምጥቶ ጥግ ላይ አቆመው። አገኘሽ ለመቀመጥ አስባ፣ ከተቀመጠች መነሣት እንደሚያቅታት ስላወቀች ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆመች።

«የሁለት ሰዓት ጊዜ ብቻ ነው ያለኝ» አለች። «ሆኖም ቀስ ብዬ እናገራለሁ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህንን የመጨረሻ መልእክት የጻፈው ማን ነው? ኑሃሚን ከጻፈችው ካሱ ይጠየቃል። ካልጻፈችው ደግሞ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከዐሥር የሚባለው ነገር ሁሉ ፈርሶ ከመጀመሪያው እንጀምራለን።»

«ስሟ ተጽፎበታል'ኮ፣ እትዬ» አለ ክብሩ።

«በእርሷ ወንበር የተቀመጠ ሁሉ በእርሷ ስም ይጽፋል። መጀመሪያ መልእክቱን እንየው። ‹ጀልባዋ ሸራዋን ዘርግታ› ይላል። ትርሐስ፣ ጀልባዋ ሸራ አላት?»

«የላትም። ከተቀደደ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ካሱ እየሠራልን ነበር።»

«ማዕበሉን ያስነሣችው፣ ሸራውን የቀደደችው፣ አዲሱን እንዲሠራ ለካሱ የሰጠችው ራሷ ኑሃሚን ናት። የራሷን ነገር አትረሳም። ደግሞ በመቶ አርባ ሦስት መልእክት ውስጥ አንድም ቀን ማንንም ጥላ አልተንቀሳቀሰችም። ለታመመች ዘጠኝ ቀን የቆመች ሴት፣ ሸራ ለሚሠራላት ሰው አንድ ቀን መጠበቅ አቃታት? ይህን የጻፈው የሌሎቹን ተራ የማያነብ ሰው ነው።»

ኦሊያድ እግሩን አነባበረ። «ይሄ ግምት ነው» አለ። «ሰው ይሰለቻል። እሷም ሰልችቷት ይሆናል።»

«እውነትህን ነው፤ ሰው ይሰለቻል። ለዚህ ነው ወደ ሰዓቱ የሄድኩት።» አገኘሽ ማስታወሻዋን ገለጠች። «ኑሃሚን የኮምፒውተሯን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው የሞላችው። መልእክቶቿን አይቻለሁ፦ 6:40፣ 7:15፣ 11:20። ግቢው የሚከፈተው በአንድ ሰዓት፣ የሚዘጋው በዐሥራ ሁለት ነው፤ ስለዚህ ከዐሥራ ሁለት የሚበልጥ ቁጥር በስሟ አይገኝም። አንድ ብቻ አለ። 17:10። ክብሩ ስድስት ቀንሶ ነው ያነበበው፤ በእርሷ ማሽን ላይ ግን የሚቀነስ ነገር አልነበረም። ማክሰኞ ጠዋት ስደርስ ደግሞ ኮምፒውተሯ በፈረንጅ ይቆጥር ነበር። ሰው ነክቶታል። ወደፊት ገፍቶ መልእክቱን ጻፈ፤ ከዚያም ‹ትክክል› ወደሚመስለው ቦታ መለሰው።»

«የተበላሸ መስሎት ይሆናላ!» አለ ኦሊያድ ፈጥኖ። «የነዚህ ማሽኖች ባትሪ ሁልጊዜ ይሞታል። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሲል ያየ ማንም ሰው…»

ትርሐስ ቀና ብላ አየችው።

«ዘጠኝ ከአርባ?» አለች አገኘሽ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰዓቱን አልጠራሁም ነበር።»

ኦሊያድ ከንፈሩን ላሰ። «ለምሳሌ ያህል ነው።»

«ይሁን። ምሳሌ ነው እንበል።» ከኪሷ ካኪ ፖስታ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይሄ ማክሰኞ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በወጣው አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ የተላከ ዲስኬት ነው። በመናኸሪያው መዝገብ ላኪው ኦሊያድ ይላል። ማኅበሩ ዘንድ ደውዬ ትናንት በመጣው አውቶቡስ አስመለስኩት። ትርሐስ ከፍታ አሳይታኛለች፤ ጨዋታው ሙሉውን አለበት። የመጨረሻውም መልእክት አለበት። አቶ ዘርአብሩክ፣ የኦሊያድን ቢሮ መቼ ቆለፉ?»

«ሰኞ ዐሥር ሰዓት። እስከ ማክሰኞ ጠዋት አልተከፈተም። ይሄም ክፍል እንደተዘጋ ነው ያደረው።»

«እንግዲህ መልእክቱ በዐሥራ አንድ ከዐሥር የተጻፈ ከሆነ፣ በዐሥር ሰዓት የወጣ ሰው ከየት ቀዳው? መልሱ አንድ ነው። ከዐሥር ሰዓት በፊት ተጽፏል፤ ኑሃሚንም ከዐሥር ሰዓት በፊት ሞታለች። በዚያ ሰዓት ትርሐስ ቴሌ ነበረች፤ አቶ ዘርአብሩክ ዞን ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ካሱ ገና አልመጣም። ሰኞ ሰኞ መቼ እንደሚመጣ ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሰዓቱ ለእርሱ ተመረጠለት።»

ኦሊያድ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ተመለከታቸው። ሲናገር ድምፁ የቀድሞው አልነበረም።

«ዲስኬቱን ስጪኝ ነው ያልኳት። ለመንኳት። አንድ መስመር ጨምሪበትና ይሂድ፣ ለሁላችንም ነው አልኳት። ‹ካሱ ዛሬ ይመጣል፣ ጠብቀው› አለች። አውቶቡሱ'ኮ አይጠብቅም! ክንዷን ያዝኳት… ልነቀንቃት ብቻ ነበር። አዳለጣት። ድምፁን ሰማሁት። ከዚያ ጠራኋት፤ ብዙ ጊዜ ጠራኋት።»

«ሐኪም አልጠራህም» አለች ትርሐስ።

«ሞታ ነበር።»

«ይሄን የሚለው ሐኪም ነው።»

አቶ ዘርአብሩክ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። አገኘሽ ድል ያደረገች ሰው አልመሰለችም፤ አልተሰማትምም። ለክብሩ በዐይኗ ምልክት ሰጠችው። እርሱም የካሱን ካቴና ፈታ። ካሱ የታሰረበትን የእጁን አንጓ በሌላኛው እጁ ይዞ፣ ባለበት ቆመ።

«ተነሣ፣ ኦሊያድ» አለች አገኘሽ።

ተነሣ። ሁለት እርምጃ ወደ ክብሩ ሄደና ድንገት አቅጣጫውን ለውጦ በካሱ ፊት በጉልበቱ ወደቀ። ክብሩ ሊያነሣው ጎንበስ ሲል አገኘሽ ክንዱን ያዘችው።

«ካሱ፣ ወንድሜ» አለ ኦሊያድ። «አንተን ለመጉዳት ብዬ አይደለም። አላሰብኩም፤ ጊዜ አልነበረኝም። ለእሷ የምለው የለኝም። አንተ ግን በሕይወት አለህ። ማርኩህ በለኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም፣ አንዲት ቃል ናት። አሁን በለኝ፤ ሊወስዱኝ ነው።»

ካሱ ቁልቁል አየው። በግቢው የጠዋት ተማሪዎች ከአጥሩ ተደርድረው ይመለከታሉ። አዛዡ የላኩት መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ቆሟል፤ አንዴ ጥሩምባውን ነፋ፤ ደግሞም ነፋ። አገኘሽ፣ ካሱን ማንም እንዳያጣድፈው፣ በሩን በጀርባዋ ተደግፋ ቆየች።

«ካሱ» አለ ኦሊያድ እንደገና፣ «እባክህ።»

ካሱ አፉን ከፈተ። ከዚያም መልሶ ገጠመው።